ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፕሮግራሚንግ ለሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በጀሞ አካባቢ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 24 ልጆችን ይዘው ለ10 ሳምንት ፕሮግራሚንግ ለማስተማር ለተነሡ የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎች ነው። በሳምንት ያላችሁ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የላቦራቶሪውን ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ 30 ደቂቃ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪነሡ 20 ደቂቃ ከሄደ ለልጆቹ የሚተርፈው 70 ደቂቃ ነው። በአሥር ሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ በሩ ላይና ገመድ ሥር ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ሁለቱን ሰዓት ለማስከበር ነው። ማስተማሩን ትችሉበታላችሁ፤ የሚያስቸግረው ሌላው ነው።

ጊዜውን መቁረጥ

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አድርጉት። መስከረም ላይ ምዝገባ አላለቀም፣ የክፍል ምደባ ይቀያየራል፣ ልጆቹም አልተረጋጉም። ከጥቅምት መጀመሪያ የተነሣ የ10 ሳምንት ፕሮግራም ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ከገና በፊት ይዘጋል። ወደ ጥር ከገፋችሁት የጥምቀት በዓልና የግማሽ ዓመት ፈተና ይጋጩበታል፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሳምንት፣ ልጆቹ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩበት ዋናው ጊዜ፣ ባዶ ክፍል ይሆናል። የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ካላንደርም አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእናንተ የአጋማሽ ፈተና የሚውልበትን ሳምንት ከወዲሁ በቀይ አክብቡና ለዚያ ቀን ተጠባባቂ መድቡ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ይሁን። ከሰዓት በኋላ ብዙ ልጅ ማጠናከሪያ ትምህርት አለው። እሑድ ጠዋት አብዛኛው ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜም ቢሆን ልብስ የሚታጠብበት፣ ውሃም በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ የሚቀዳበት ቀን ሊሆን ይችላል። ይህ ሥራ በብዙ ቤት የሚወድቀው ሴቶቹ ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ የሰፈሩን የውሃ ፈረቃ ጠይቃችሁ እወቁ፤ ፈረቃው ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ሰዓቱን ቀይሩት። ሴቶቹ በሦስተኛው ሳምንት መቅረት ከጀመሩ ፍላጎት አጥተው ነው ብላችሁ አትደምድሙ። መጀመሪያ ጀሪካኑን ጠይቁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አትውሰዱ። የብሔራዊ ፈተናው ጭንቀት በቂያቸው ነው፣ ወላጅም አይፈቅድም። የሚሻለው 9ኛና 10ኛ ክፍል ነው፤ የቀጣዩ ዓመት አጋዦቻችሁ የሚወጡትም ከእነዚህ ነው።

ደብዳቤ፣ በርና ቁልፍ

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው የሜንተሮቹን፣ ማለትም ልጆቹን የምታስተምሩትን የእናንተን፣ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የ10ሩን ቅዳሜዎች ቀን፣ ሰዓቱን እና የምትጠቀሙበትን ክፍል ይዘርዝር። «ለበጎ ፈቃድ ሥራ ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል ደረቅ ደብዳቤ ዳይሬክተሩ ጋ ያደርሳችኋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን በር ላይ ያለው ጥበቃ አይቀበለውም፣ እውነቱንም ነው። ሄዳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ነው ወይስ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለው የሚለውን አረጋግጡ። በዳርቻው አካባቢ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ለተለያየ ጽሕፈት ቤት ተጠሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተሳሳተ ቢሮ የገባ ደብዳቤ ሲመላለስ ሳምንታት ይበላል።

ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ አምስት ቦታ ኮፒ አድርጉ፦ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለአይሲቲ መምህሩ፣ ለንብረት ክፍሉ፣ ለጥበቃው፣ አንዱ ከእናንተ ጋር። የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት በር ላይ እንደምትፈተሹ አስቡ። ከዩኒቨርሲቲው ስትወጡም፣ ከትምህርት ቤቱ ስትወጡም ሴሪያል ቁጥሩ ይመዘገባል። የላፕቶፖቹን ሴሪያል ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በየሳምንቱ አንድ አንዱን ገልብጦ ቁጥር ማንበብ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

ቁልፉ ዋናው ጉዳይ ነው። የአይሲቲ መምህሩ ቅዳሜ የሥራ ቀኑ ላይሆን ይችላል። ዓርብ ከሰዓት ደውሉላቸው፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ በፊርማ እንዲቀመጥ ጠይቁ። ደግሞም መምህሩን እንደ ቁልፍ ያዥ ብቻ አትዩአቸው። ከመጀመሪያው ቀን የትምህርቱን ዕቅድ አሳዩአቸው፣ ምን መቀየር እንዳለበት ጠይቋቸው፣ ስማቸውን በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አስገቡ። እናንተ ስትመረቁ እዚያ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።

ላቦራቶሪውን ማዘጋጀት

ከመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አንድ ሙሉ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ዋሉ። ለ24 ልጅ የሚያስፈልገው 12 የሚሠራ ኮምፒውተር ነው፤ ለአንድ ኮምፒውተር ሁለት ልጅ። ሁለት ትርፍ ያዙ። ይዛችሁ የምትሄዱት ለስላሳ ብሩሽ፣ ላጲስ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሲአር 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ ከ6 እስከ 8 ፍሬ፣ እና 16 ጂቢ ፍላሽ 3 ፍሬ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ችግር ከሦስቱ አንዱ ነው። ተነሥቶ እየጮኸ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ኃይሉን ከግድግዳው ነቅላችሁ ራሙን (የኮምፒውተሩን የማስታወሻ ካርድ) አውጡ፣ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ አቧራውን በብሩሽ አውጥታችሁ እስኪቆልፍ ድረስ መልሱ። በተነሣ ቁጥር ኤፍ 1 እንድትጫኑ ከጠየቀ፣ ወይም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ ክቡ ባትሪ ሞቷል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች ደኅንነታቸው ያልተረጋገጠ ነው እያሉ አይከፈቱም፤ ብዙ ሰው ይህን የኔትወርክ ችግር አድርጎ ሰዓታት ይፈልጋል። ፍላሽ ላይ ያሉ ፋይሎች ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ ደግሞ ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም፤ ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፕ ስትከፍቱት ይታያሉ። ገልብጣችሁ አውጡና ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።

ራሙ ቢያንስ 2 ጂቢ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት፣ መጫን ይቻላል፤ 4 ጂቢ ቢሆን ይመረጣል። ግን ያለ ንብረት ክፍሉና ያለ አይሲቲ መምህሩ የጽሑፍ ፈቃድ ዊንዶውሱን አትንኩ። የመዝገብ ቤት ወይም የውጤት ፋይል ያለበትን ማሽን ማጥፋት ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት ይዘጋዋል። የምታስተምሩት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓይተን ነው፤ ልጆቹ ኮዱን የሚጽፉበትና የሚያስኬዱበት ፕሮግራም ደግሞ ቶኒ ይባላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ከፓይተን 3.8 በኋላ የወጡት ስሪቶች አይሠሩም፤ ስለዚህ ለዚያ የሚሆነውን የቶኒ ስሪት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያላችሁ አውርዱ። ቶኒን የምንመርጠው ፓይተኑን አብሮ ስለሚጭን፣ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ እና ሜኑው ጥቂት ስለሆነ ነው። አንድ ፍላሽ ላይ ቶኒ፣ ኪዊክስ (ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) ከአንድ የዊኪፒዲያ ፋይል ጋር፣ እና የየሳምንቱ መልመጃ ይኑር። ሁለቱ ፍላሾች የእሱ ቅጂ ናቸው። ኢንተርኔት ይኖራል ብላችሁ ምንም ነገር አታቅዱ።

ኤሌክትሪኩን አስሉት። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ይወስዳል ብላችሁ ብታስቡ 12ቱ 1800 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ8 አምፔር በላይ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር አታንጠልጥሉ፤ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠልማ ፈጽሞ አይደረግም። ገመዱ ሳይሆን መጀመሪያ የሚግለው ልል የሆነው የሶኬቱ መገናኛ ነው፤ ከዚያ ይቀልጣል። ስድስት ስድስቱን በተለያየ የግድግዳ ሶኬት ከፍላችሁ አንዱ መስመር ላይ ወደ 4 አምፔር ብቻ አድርጉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከሞቀ ከዚያ መስመር ላይ ሁለት ማሽን ቀንሱ።

ልጆቹን መምረጥ፣ ሜንተሮቹን መመደብ

ትምህርት ቤቱ ምረጡ ከተባለ ደረጃ የያዙትን ያመጣል። ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን ወረፋው ሁልጊዜ የእነሱ ነው። ከየክፍሉ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት የሚል ኮታ ጠይቁ፤ ማመልከቻው አንድ ገጽ በአማርኛ ይሁን፣ ጥያቄውም አንድ ብቻ፦ «በቤትህ፣ በሰፈርህ ወይም በትምህርት ቤትህ ኮምፒውተር ቢሠራው የምትወደው አንድ ሥራ ጻፍ/ጻፊ።» ውጤት አትጠይቁ። «የእናቴን የዕቁብ መዝገብ» ብሎ የጻፈ ልጅ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የሚሠራውን ከወዲሁ ያውቃል።

አንድ ሜንተር ለአራት ልጅ ነው። ስድስት ቡድን፣ ስድስት ሜንተር፣ ሁለት ተጠባባቂ፤ በጠቅላላ ስምንት። ከስምንቱ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። ቡድኑና ሜንተሩ እስከ አሥረኛው ሳምንት አይቀያየሩም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚፈርሱት በአብዛኛው በሜንተር መቅረት ነው፤ ልጁ ሁለት ቅዳሜ መጥቶ የእሱን ሰው ካጣ ሦስተኛውን አይመጣም። ስለዚህ የማይመጣ ሜንተር ሐሙስ ማታ ድረስ ያሳውቃል፣ ተጠባባቂው ዓርብ የልጆቹን ማስታወሻ ያነባል። ለዚህ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይኑረው፤ ሜንተሩ በየሳምንቱ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት መስመር ይጽፋል፦ ምን ቻለ፣ የት ቆመ።

ሌላው ጥብቅ ደንብ የልጆቹን ደኅንነት የሚመለከት ነው። የወላጅ ፈቃድ በፊርማ ይያዝ። ሜንተርና አንድ ልጅ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጡም። መልእክት በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ፣ የአይሲቲ መምህሩም ገብተውበት፤ በውስጥ መስመር መጻጻፍ የለም። ስልክ የሌለው ልጅ መልእክቱ በክፍል አለቃው በኩል ይድረሰው።

የሁለቱ ሰዓት አካሄድ

ሜንተሮች 2፡30 ላይ ይገባሉ፣ ማሽኖቹን ያነሣሉ፣ የሳምንቱን ፎልደር ይከፍታሉ። ልጆቹ 3 ሰዓት ሲገቡ ስክሪኑ ዝግጁ ነው። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ክለሳ ነው፣ ቀጣዩ 20 ደቂቃ አንድ አዲስ ነገር፣ ከ3፡30 እስከ 4፡40 በጥንድ ሥራ፣ የቀረው 20 ደቂቃ እያንዳንዱ ጥንድ የሠራውን ለሌላ ጥንድ የሚያሳይበት። ማብራሪያው ከ20 ደቂቃ ካለፈ ላቦራቶሪው ተራ ክፍል ሆነ ማለት ነው፤ ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋናው ድክመት ስለሆነ ከሜንተሮቹ አንዱ ሰዓት ይቆጣጠር።

ከሁለቱ ልጆች አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ ያስባል፣ ስህተት ይጠቁማል። በየ15 ደቂቃው ደወል ይደወልና ቦታ ይለዋወጣሉ። ደወሉን ከተዋችሁ ፈጣኑ ልጅ ኪቦርዱን ይዞ ይቀራል፤ ወንድና ሴት ከተጣመሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ ወንዱ ጋ ነው።

የሜንተሩ እጅ ኪቦርድ አይነካም። ልጁ ሲጣበቅ ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡና በተራ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ይሆናል ብለህ ነበር የጠበቅከው? ምን ሆነ? ከቀዩ የስህተት ጽሑፍ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል? ሦስተኛውን ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ እጅም ይበላል፤ ግን የጎደለችውን አንድ ኮሎን (:) ራሱ ያገኘ ልጅ ቀጣዩን ለማግኘት አይጠራችሁም። እናንተ ያስተካከላችሁለት ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይጣራል፣ አራት ልጅ ሲጣራ ደግሞ ሁለቱ ሰዓት አለቀ።

ልጆቹ «ቲቸር» ይሏችኋል። በስም እንዲጠሯችሁ መፍቀዱ ይሻላል፤ መምህር ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ ታላቅ ወንድምና እኅት ፊት ይጠየቃል። ማብራሪያውን በአማርኛ አድርጉ፣ ቃሉን ግን እንዳለ ያዙት፦ ቫሪያብል፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን። ስህተቱ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ቃሉን ማወቅ አለባቸው። አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ልጆች ካሉ የሚችል ሜንተር መድቡላቸው።

ልጆች በየሳምንቱ የሚሰናከሉበት

አንደኛውን ሳምንት በቀላሉ እለፉት፦ ፋይል ማስቀመጥ፣ ቶኒን መክፈት፣ በፕሪንት ስማቸውን ማውጣት። ስማቸው በፊደል ሲወጣ ማየት ይወዳሉ፤ ችግሩም እዚያው ይጀምራል። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ኮሎኑን ሲጫኑ የሚወጣው ሁለት ነጥብ (፡) ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለፓይተን ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ኮማውም እንዲሁ ነጠላ ሰረዝ (፣) ይሆናል። ስህተቱ ልክ ያልሆነ ፊደል አለ ይላል፣ ልጁ ደግሞ አሥር ጊዜ አይቶ ልክ ነው ይላል። ደንቡ፦ በጥቅስ ውስጥ አማርኛ፣ ከጥቅስ ውጪ የእንግሊዝኛ ኪቦርድ። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ የተገለበጠ ኮድም የጥቅስ ምልክቱ ተጣሞ ስለሚመጣ አይሠራም፤ ኮድ በፋይል እንጂ በጽሑፍ አይላክ።

ሁለተኛው ሳምንት ቫሪያብል (ለአንድ ዋጋ የሚሰጥ ስም) እና ኢንፑት (ከተጠቃሚው መልስ የሚቀበል ትእዛዝ) ነው። ቫሪያብልን ሣጥን ነው ማለት የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክርም። ልጁ አንዱን ቫሪያብል ወደ ሌላው ሲሰጥ ዕቃው ከመጀመሪያው ሣጥን የወጣ ይመስለዋል። ዕቃ ላይ የተለጠፈ ስም ነው ብትሉት ይሻላል፤ አንድ ሰው የክርስትና ስምም የቤት ስምም እንዳለው አንድ ዕቃ ሁለት ስም ይኖረዋል። ከዚያ በኢንፑት ሁለት ቁጥር ተቀብለው እንዲደምሩ አድርጉ። 2 እና 3 አስገብተው 23 ሲወጣ አትቸኩሉ፤ ለምን እንደሆነ ራሳቸው ይገምቱ። ኢንፑት የሚመልሰው ሁልጊዜ ጽሑፍ መሆኑን በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ አይረሳውም።

የሦስተኛው ሳምንት ሉፕ፣ ማለትም አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሠራት፣ በቡና ሥርዓት ይገባል፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሥራው አንድ፣ ዙሩ ሦስት። ፓይተን ግን ዙሩን የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ የመጨረሻው ቁጥር 2 ነው። ይህን በወረቀት ሠንጠረዥ አሠሩት፦ በግራ የዙሩ ቁጥር፣ በቀኝ የቫሪያብሉ ዋጋ። ሠንጠረዡን ሳይሞላ ፕሮግራሙን ማስኬድ የለም።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት መልመጃው ከሚያውቁት ኑሮ ይውጣ። ሁለት እንደሚሠሩ እናውቃለን። የመጀመሪያው ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓት መቀየሪያ ነው፦ በተሰጠው ሰዓት ላይ 6 ደምሮ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ። 3 ሰዓት 9 ይሆናል፣ 9 ሰዓት 3 ይሆናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ከዚያ 6 ሰዓት አስገቡ በሏቸው። 12 መሆን ሲገባው 0 ይወጣል። ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሁለተኛው የወንጌላውያን ዘመን ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ 2015 እንዲህ ነበር። ዓመት ተቀብሎ ዘመኑንና የጳጉሜን ቀን የሚናገር ፕሮግራም 15 መስመር አይሞላም፣ ልጁ ቤት ሄዶም አያቱን ያስደንቅበታል።

ቶሎ ለሚጨርሱ ልጆች ፊደሉን ስጧቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፣ «ሁ» 4609፤ ቤተሰቡ በተራ ይቀጥላል። «ለ» 4616 ስለሆነ 3 ሲደመርበት «ላ» ይሰጣል። ኦርድ (ord) የሚባለው ፈንክሽን ፊደሉን ወደ ቁጥር፣ ቻር (chr) የሚባለው ቁጥሩን ወደ ፊደል ይቀይራል። በእነዚህ ሁለቱና በሉፕ የፊደል ገበታ ማተም ይቻላል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ላይ በሚጻፉበት መንገድ) በተቀመጠ ፋይል ውስጥ ለምን 9 ባይት እንደሚይዝ የሚጠይቅ ልጅ ካገኛችሁ ያን ቅዳሜ ትርፍ ጊዜ ስጡት።

መብራት የጠፋ ቀን

ይጠፋል። ልጆቹን መልሶ መስደድ ግን የለም። ሁለት የወረቀት ትምህርት ከመጀመሪያው ሳምንት ታትሞ በፖስታ ይቀመጥ። አንዱ ቁጥር ፍለጋ ነው፦ ልጁ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ያስባል፣ ጓደኛው ይገምታል፣ መልሱ «ይበልጣል» ወይም «ያንሳል» ብቻ። ሁልጊዜ መሐሉን የሚጠይቅ ቢበዛ በ7 ግምት ያገኘዋል። እስከ 1000 ቢሆንስ? 10 ብቻ። ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ሌላው ሰው ሮቦት ነው፦ አንዱ ዓይኑን ታስሮ ሌሎቹ በወረቀት ጽፈው በሰጡት ትእዛዝ ብቻ ከበር እስከ ሰሌዳ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ የማሽኖቹን ኃይል ወዲያው አታብሩ፤ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ሲጠፋ ሁሉንም ነቅላችሁ ከተመለሰ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ የማመልከቻውን ወረቀት መልሱላቸው። የዕቁብ መዝገብ፣ የክፍል ቀሪ መቆጣጠሪያ፣ የሱቅ ዱቤ ደብተር፣ የውሃ ፈረቃ አስታዋሽ፤ ከዚህ ውስጥ በሁለት ቅዳሜ የሚያልቀውን ቆርጦ ማውጣት የሜንተሩ ሥራ ነው። መለኪያው፦ የመጀመሪያው ስሪት በ30 መስመር ውስጥ አንድ ነገር መሥራት አለበት። ዕቁቡ መጀመሪያ ስም ብቻ ይቀበል፣ ገንዘቡ በኋላ ይምጣ። ቤት ውስጥ የአንድሮይድ ስልክ ያላቸው ፓይድሮይድ 3ን (በስልክ ላይ ፓይተን የሚያስኬድ መተግበሪያ) በዜንደር፣ ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው መተግበሪያ፣ ይቀበሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሥራው በየሳምንቱ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ የኮምፒውተሩ ዲ ድራይቭ፣ አንዱ የሜንተሩ ፍላሽ። በስክሪኑ የፊት ገጽ (ዴስክቶፕ) ላይ የተቀመጠ ፋይል በሳምንቱ መሐል ሌላ ክፍል ሲገባ ይጠፋል።

አሥረኛው ቅዳሜ ወላጆች ይጠሩ። ንግግር አታብዙ። ወላጁ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ፣ ልጁ ይቁም፣ ወላጁ ራሱ ቁጥር አስገብቶ መልሱን ይይ። በዚያው ቀን ከመውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ፍላሽ፣ ስድስቱን ደብተር እና የተጠገኑትን ማሽኖች ዝርዝር፣ የትኛው ባትሪ እንደተቀየረለት፣ የትኛው ሶኬት እንደሚሞቅ ጽፋችሁ፣ ለአይሲቲ መምህሩ በፊርማ አስረክቡ። ከ24ቱ መሐል በቀጣዩ ጥቅምት ከሜንተሮቹ ጎን የሚቀመጡ አራት ልጆችንም በዚያው ወረቀት ላይ በስም አስፍሩላቸው።